ከጎን መቀመጥ

መምህሯ ብዙ አወራች፣ እጇን እያወናጨፈች፣
ቀይ የበዛበት ወረቀት እያገላበጠች።
ናዳቭ መሀል ተቀምጧል፣ ገና በአሥራ ሦስት ዓመቱ፤
አንገቱን ደፍቶ ተረጎመ፣ ሳያየኝ፣ ለአባቱ፦
«ጎበዝ ነው ትላለች፤ ወሬ ብቻ ነው ጥፋቱ።»

እሷ ያለችው ሌላ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት
ብርቱካን ማሸጊያ ውስጥ ከአለቃ ጋር ስሟገት
የለቀምኩት ዕብራይስጥ ግንባሬ ላይ ባይጻፍም፣
«ሦስት ሳምንት ሂሳብ አልገባም» ማለትን አይስትም።

ያን ማታ ቀበቶዬን አየሁት፣ በር ጀርባ ተሰቅሎ፤
የአባቴን እጅ አየሁት፣ ከእኔው ክንድ ተንጠልጥሎ።
የሻረግ ፊቴን አይታ፣ «መጀመሪያ ቁጣህን አውልቅ» አለች፣
«ጫማህን በር ላይ እንደምታወልቅ፤» ብላም መብራቱን አጠፋች።

ማክሰኞ ማታ መትናስ የወላጆች ትምህርት አለ፤
ወንበሩ ፕላስቲክ፣ ግማሹ ሰው ከፈረቃ ወጥቶ የዛለ።
ሲጋሊት ናት የምታስተምር፣ አማርኛዋ የተሰባበረ፣
እዚሁ ቂርያት መልአኪ ሕንጻችን ሥር የተጫወተች፣ አባቷ የእኔን አጎት የቀበረ።

«ፊት ለፊት አትጠይቁት» አለችን፤ «ዓይን ለዓይን ሲሆን
ልጅ ችሎት የቆመ መስሎት ይደብቃል እውነቱን።
አጥኚዎችም ይህን አዩ፦ ወላጅ ስለ ልጁ የሚያውቀው
ሰልሎ ከሚያገኘው ይልቅ ልጁ ወዶ ሲነግረው ነው።
ከጎኑ ተቀመጡ። መኪና ውስጥም፣ ሽንኩርት ስትልጡም ይሁን።
ከዚያ ዝም በሉ። ዝም ስትሉ ያማችኋል፤ ይሁን።»

እጄን አነሣሁና፣ «ዝም ማለት ማባለግ ነው» አልኩ።
«መተውና ዝም ማለት አንድ አይደሉም» አለች። ዝም አልኩ።

ዓርብ ትምህርት የለም። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ቀሰቀስኩት፤
«አሽዶድ ገበያ ሣጥን የሚያወርድልኝ የለም፤ ና» ብቻ አልኩት።
እያጉረመረመ ወጣ፣ የሹራቡን ቆብ ዓይኑ ላይ ደፍቶ፤
የቫኗ ማሞቂያ በእሱ በኩል ብቻ ይሠራል፣ የእኔው ሞቶ።

ከማዞሪያው እስከ ማደያው አንዲት ቃል አላወጣሁም።
ምላሴን ነከስኩ። ሲጋሊት «ያማል» ያለችው ውሸት አይደለም።
«እኔ በአንተ ዕድሜ ሳለሁ...» ማለት አማረኝ፤ ዋጥኩ፤ ቆየሁ፤
«ማንን ነው የምታታልል?» ይህንንም ጥርሴ ሥር አቆየሁ።
ቀይ መብራት። አረንጓዴ። የጭነት መኪና ቀደመን።
መስታወቱን በትንፋሹ ጉም አልብሶ በጣቱ ጫረ። ዝም አልን።

ከዚያ መንገዱን እያየ፣ እኔን ሳያይ፣ ቀስ ብሎ፣
«አባ፣ መምህሯ ያለችው... ያን አልነበረም» አለ ድምፁ ዝሎ።

ልዞር ነበር። ፍሬን ልይዝ ነበር። እጄ መሪው ላይ ጠበቀ።
«ሰምቻለሁ» አልኩት። «ያኔ?» «ያኔ።» አንድ ኪሎሜትር አለቀ።
«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?» ለዚህ የተዘጋጀ መልስ የለኝም።
«በራስህ ላይ ምስክር አድርጌህ ነው፤ ልክ አልሠራሁም።
ሁለተኛ ሌላ ሰው ያስተርጉም፤ አንተ ልጅ ሆነህ ተቀመጥ።»
ዘወር አላለም። የሹራቡን ቆብ ብቻ ከዓይኑ ገለጥ።

ግማሹን በዕብራይስጥ፣ ግማሹን እንደ ምንም በአማርኛ ነገረኝ፤
ሰሌዳ ፊት አቁመውት ስለሳቁበት ቀን፤ ቃሉ ቢያመልጠኝም ነገሩ ገባኝ።
ምክር ነበረኝ፣ ኪስ ሙሉ። «ከባድ ነበር» ብቻ አልኩት።
ድንብላሉን አወረድን፤ ከባዱን ጫፍ ሲይዝ አልከለከልኩት።

ስንመለስ ግን አልቻልኩም፤ ያ ምክር አፈትልኮ ወጣ፣
ክፍልፋይ፣ ዲፕሎማ፣ ላብ... ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰካ። መጣ
የለመድኩት ዝምታ፣ ክፉው። ደግሜ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።
ቤት ገብተን የሻረግ፣ «ምን አለህ?» ስትለኝ ጥቂት ቆየሁ።
ምን ልበላት? ሁሉን ብነግራት የእሱን አደራ መብላት ይሆናል፤
«ማሞቂያው በአንተ በኩል ይሠራ» አለኝ አልኳት፤ «ይበርድሃል።»